ስለ አዲስ ዕቃ መመካከር



አንድ ሰው ከገበያ አዲስ ዕቃ ይዞ ሲመጣ ጎረቤቱ «እንዴት ነው? ይበጃል ወይ?» ብሎ ይጠይቀዋል። እሱም «ግሩም ነው» ይላል። ጎረቤቱም አምኖ ይገዛል። ለመሆኑ «ግሩም ነው» ማለት ብቻውን ምክር ነው ወይ? አይደለም።

ምሳሌ እናንሳ። ነቀዝ በቆሎና ማሽላ እንደሚፈጅ ሁላችንም እናውቃለን። ነቀዝ የሚከላከል ፒክስ የሚባል ከረጢት አለ። ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በምዕራብ አፍሪካ በሰፊው ተሠራጨ፤ ኋላም ወደ አገራችን ገባ። ሦስት ንብርብር አለው። ሁለቱ የውስጥ ከረጢቶች ወፍራም ፕላስቲክ ናቸው። የውጪው እንደ ማዳበሪያ ጆንያ የተሸመነ ነው። አፋቸው አንድ በአንድ ተጠምዝዞ ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር አየር አይገባም። ነቀዙ ውስጥ የቀረውን አየር ተንፍሶ ይጨርሳል። ከዚያ መብላት ያቆማል፤ ይሞታል።

አሁን አንዱ ገበሬ «ከረጢቱ ደግ ነው» ይላል። ሌላው «አይረባም፣ እህሌ ሻገተብኝ» ይላል። ሁለቱም አልዋሹም። የመጀመሪያው እህሉን አድርቆ ከተተ። ሁለተኛው እርጥቡን ከተተ። የሌላውን ደግሞ አይጥ በስታበት ይሆናል። ስለዚህ ዕቃውን ማመስገን ወይም መንቀፍ አይበቃም። እንዴት እንደሠሩበት መናገር ያስፈልጋል።

ጎደሎ ምክር ነፍስም ያጠፋል። ስለ ነቀዝ ክኒን «ሁለት ፍሬ ጣል ማድረግ ነው» የሚል ሰው አለ። ክኒኑ እርጥበት ሲያገኝ መርዘኛ ጋዝ ያወጣል። እህሉ ባለበት ቤት ያደረ ቤተሰብ ሊያልቅ ይችላል። ይህን ያልነገረ መካሪ ምን መከረ ይባላል?

እንግዲህ ምክር ስንቀበል እነዚህን እንጠይቅ፦

1. አንተ ራስህ ሞክረኸዋል ወይስ ሰምተህ ነው?
2. በየትኛው እህል፣ ለስንት ወር?
3. ምን ጉድለት፣ ምን አደጋ አለው?
4. ዕቃው ሲሸጥ አንተ የምታገኘው ጥቅም አለ?

መካሪው አንድ ብቻ ከሆነ ሌላም እንጠይቅ። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባል የለም? የልማት ሠራተኛውንም እናማክር። ዕቃው ላይ የተጻፈውንም እናንብብ፤ ፊደል የቆጠርነው ለዚህም ነው።

እኛም ስንጠየቅ ያየነውን እንናገር። ያላየነውን «አላየሁም» እንበል። የጎረቤት የዓመት ቀለብ በአንድ ቃላችን ሊተርፍ ወይም ሊጠፋ ይችላልና።