የተረኛው ሰዓት በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ውስጥ



ስለ መንግሥት ሠራተኞች የሥራ ሥነ ምግባር እንድናገር ስጋበዝ፣ ስለ 12ቱ መርሆዎች እናገራለሁ ተብሎ ሳይታሰብ አልቀረም። እነዚያን እዚህ ያለ ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ቅንነት፣ ታማኝነት፣ ግልጽነት እያሉ በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል። ከመልመዳችን የተነሣ ማንበብ ትተናል። እኔ የማነሣው ከዚያ ሰሌዳ አጠገብ ያልተሰቀለውን፣ የሥራ ሁኔታውን ነው። ሠራተኛው ግዴታውን ሲጥስ የሚጠይቀው አካል በሕግ ቆሟል። መሥሪያ ቤቱ የሥራ ሁኔታውን ሲጥስስ የሚጠይቀው ማን ነው?

ጥያቄውን በጳውሎስ ማንሣት ተገቢ ነው። ሆስፒታሉ በ1960ዎቹ መግቢያ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ በጀርመን ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን እርዳታ ለድሆች ሕክምና የተቋቋመ ነው፤ በሚሌኒየሙ ዋዜማ ደግሞ የሕክምና ኮሌጅ ታከለበት። ስለዚህ በአንድ ግቢ ውስጥ በ11 ሰዓት ተኩል በሩን ዘግቶ የሚሄድ የቢሮ ሠራተኛና ሌሊቱን ሙሉ የሚቆም ተረኛ አብረው ይኖራሉ። ሕጉ ሲጻፍ በዓይነ ኅሊናው የነበረው የመጀመሪያው ይመስለኛል።

የምመለከተው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010ን ነው። በ2017 ዓ.ም. ምክር ቤቱ በምትኩ አዲስ አዋጅ አጽድቋል፤ ነገር ግን ዛሬ የምንወቅሰውም የምናወድሰውም ልማድ የተቀረጸው በቀድሞዎቹ ሕጎች ስለ ሆነ፣ ከእነርሱ መነሣት ይሻላል። አዋጁ መደበኛው የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ39 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ከዚያ በላይ የሠራ ሠራተኛም እንደ ምርጫው የማካካሻ ዕረፍት ወይም የትርፍ ሰዓት ክፍያ ያገኛል። «እንደ ምርጫው» የሚለው ቃል የሠራተኛው ነው፤ የአለቃው አይደለም።

አሁን አንድ ሬዚደንት እናስብ። ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ገባ፤ ሌሊቱን ተረኛ ሆኖ አደረ፤ ማክሰኞ ጠዋት ራውንድ አለ፤ ከዚያም የዋርዱ ሥራ አለ፤ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ወጣ። 32 ሰዓት ሠርቷል። በአዋጁ ስሌት ከሳምንቱ የቀረው 7 ሰዓት ብቻ ነው፤ ሳምንቱ ግን ገና ማክሰኞ ላይ ነው። ሬዚደንቱ ሠልጣኝ ነው እንጂ በሙሉ ትርጉሙ ሠራተኛ አይደለም የሚል መከራከሪያ እሰማለሁ። አልቀበለውም። በሽተኛው አልጋ አጠገብ በሌሊት የሚቆመው ሰው፣ ስሙ በየትኛው መዝገብ ቢጻፍ፣ የሚሠራው ሥራ አንድ ነው። ደግሞም ነርሷ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያውና የጽዳት ሠራተኛዋ ሠልጣኞች አይደሉም።

ይኸው ሬዚደንት ረቡዕ ጠዋት ቢያረፍድስ? አዋጁ ዝግጁ ነው። ቀላልና ከባድ ቅጣቶች አሉ፤ ከቃል ማስጠንቀቂያ ተነሥተው የሦስት ወር ደመወዝ እስከ መቀጣት፣ ከደረጃ ዝቅ እስከ መደረግና ከሥራ እስከ መሰናበት ይደርሳሉ። የዲሲፕሊን ኮሚቴ አለ፤ ክስ ይጻፋል፤ መልስ ይሰጣል፤ ማስረጃ ይሰማል፤ ከባድ ቅጣት የተወሰነበትም ለአስተዳደር ፍርድ ቤቱ ይግባኝ ይላል። ይህ ሥርዓት የሚናቅ አይደለም። ሠራተኛውን ከአለቃ ቁጣ የሚጠብቀውም እርሱ ነው።

በሌላው ወገን ያለው የቅሬታ ሥርዓት ነው። የቅሬታ አጣሪ ኮሚቴ መብትንና ጥቅምን፣ የሥራ ደኅንነትንና ጤንነትን ይመለከታል፤ እንግዲህ በር የለም ማለት አይቻልም። ሆኖም በሩ የሚከፈተው ወደ ቤቱ ውስጥ ነው። ኮሚቴው አጣርቶ የውሳኔ ሐሳብ የሚያቀርበው ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ነው፤ የተረኝነት ሰሌዳው የወጣውም በዚያው ኃላፊ ሥልጣን ሥር ነው። ሌላም እንከን አለ። ቅሬታ የአንድ ሰው አቤቱታ ነው፤ የአዳር ሰሌዳ ግን የአንድ ሰው ችግር አይደለም። አንዱ ቢቀነስለት በጓደኛው ላይ ይጨመራል፤ ስለዚህም ጨዋ ሰው አይከስም።

የግል ድርጅት ሠራተኛ በዚህ ረገድ ይሻላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከከፍተኛው የሥራ ሰዓት በላይ የሚያሠራ አሠሪን ይቀጣል፤ ተቆጣጣሪም ወደ ሥራው ቦታ ይገባል። የመንግሥት ሠራተኛ ግን ከዚያ አዋጅ ውጭ ነው። ልዩነቱ የቆየ ነው፤ የመንግሥት ሠራተኞች አስተዳደር በትእዛዝ ቁጥር 23/1954 ሲደራጅ፣ የፋብሪካው ሠራተኛ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 210/1956 የራሱን ሕግ ሲያገኝ መንገዱ ለሁለት ተከፈለ።

የጋራ ችግር በጋራ እንዲነሣ ሕገ መንግሥቱ መንገድ ጠርጓል። አንቀጽ 42 ሠራተኞች በማኅበር የመደራጀት፣ የመደራደርና ሥራ የማቆም መብት እንዳላቸው ያውቃል፤ የመብቱ ተጠቃሚ የሚሆኑት የመንግሥት ሠራተኞች ግን በሕግ ይወሰናሉ ይላል። ይህ የተጻፈው በ1987 ዓ.ም. ነው። ኢትዮጵያ የመደራጀት ነጻነትን የሚመለከተውን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 87 የተቀበለችው ከዚያም ቀደም ብላ፣ በ1955 ዓ.ም. ነው። በአዋጅ 1064 ውስጥ የሠራተኞች በጋራ መንቀሳቀስ ጎልቶ የሚገኘው ግን በከባድ ጥፋቶች ዝርዝር ውስጥ ነው፤ ሥራን ሆን ብሎ ማስተጓጎል ወይም ይህንኑ ከሚያደርጉ ጋር መተባበር በሚለው ሐረግ። በ2011 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች አደባባይ ሲወጡ፣ በግንቦት 2017 ዓ.ም. ደግሞ ሥራ እስከ ማቆም ሲደርሱና የታሰሩም ሲኖሩ፣ ጉዳዩ የሥነ ምግባር ነው ወይስ የሥራ ሁኔታ የሚለው ክርክር የተነሣው ከዚሁ ክፍተት ነው። ሥራ ማቆሙ በሽተኛን ይጎዳል የሚሉትን አላቃልልም፤ እውነት ነው። የሚደራደር ማኅበርና የሚሰማ ገለልተኛ አካል ቢኖር ግን ነገሩ እዚያ ድረስ ባልሄደ ነበር ብዬ አምናለሁ።

የሐኪም እጥረት ባለበት አገር ሰዓት መቁጠር ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ። ሀብታሙ አገርም ሰዓት መቁጠር የጀመረው ተገዶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ሊቢ ዛየን የተባለች የ18 ዓመት ወጣት በኒው ዮርክ ሆስፒታል ረጅም ሰዓት በሚሠሩ ሬዚደንቶች እጅ ሞተች፤ ከብዙ ክርክር በኋላ ግዛቱ በ1989 የሬዚደንቶችን ሥራ በሳምንት 80፣ በተከታታይም 24 ሰዓት ላይ ገደበው። 80 ሰዓት ብዙ ነው። ቁም ነገሩ ገደቡ ሲጣስ ተጠያቂው ሆስፒታሉ መሆኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅትም በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጡት የጋራ ጥናት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ መሥራት ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከመሥራት ጋር ሲነጻጸር በስትሮክ የመያዝ አደጋን በ35 በመቶ እንደሚያሳድግ ገምተዋል። እጥረት ካለ፣ ያለውን ሰው የምንጨርስበትን ፍጥነት ማወቅ ይበልጥ ያስፈልጋል።

የማቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው፤ አዲስ ሕግ እስኪወጣም አይጠብቅም። የተረኝነት ሰሌዳ ዛሬ የክፍል ኃላፊ ወረቀት ነው፤ ይለጠፋል፤ ወሩ ሲያልቅ ይቀደዳል። እንደ ደመወዝ መዝገብ ይቀመጥ። በሰሌዳው ላይ የታሰበው ሰዓት ብቻ ሳይሆን በእርግጥ የተሠራው ይጻፍበት፤ ሠራተኛው ይፈርምበት፤ ቅጂው በየሩብ ዓመቱ ለሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን ይድረስ። ያን ጊዜ ከ39 ሰዓት በላይ ያለው እያንዳንዱ ሰዓት፣ የማካካሻ ዕረፍት ወይም ክፍያ ባይሰጥበት እንኳ፣ ማን እንዳዘዘው ስሙ ይኖራል።

በዚህ ላይ የሠልጣኞቹን አስተያየት በተለይ መስማት እፈልጋለሁ። ከመካከላችሁ ዛሬ አዳሪ የሆናችሁ ካላችሁ፣ ጥያቄውን ከእናንተ እንጀምር።