የነፍስ አባትና የኑዛዜ ወረቀት
በደብረ ማርቆስ የተሰጠ ዲስኩር

አንድ ካህን ለአንድ ምእመን የነፍስ አባትም፣ ሽማግሌም፣ የሰበካ ገንዘብ አስተዳዳሪም፣ የኑዛዜ ጸሐፊም ሲሆን ወሰኑ የት ነው ወደሚለው ነገር እገባለሁ። ከአራቱ የኋለኛውን አስቀድማለሁ፤ በዳኝነት ወንበር ላይ ሳለሁ ብዙ ዘመን የመረመርሁት እርሱን ነውና።

በእኛ በጎጃም ሕመም ሲጠና ከሐኪም አስቀድሞ የሚጠራው የነፍስ አባት ነው። ኃጢአቱን ሰምቶ፣ ቀኖና ሰጥቶ፣ ሥጋ ወደሙ አቀብሎ ሲያበቃ፣ ቤተ ዘመዱ «አባታችን፣ የንብረቱንም ነገር አያይዘው ይጻፉልን» ይለዋል፤ በመንደሩ ከካህን በቀር ብዕር የሚይዝ በማይገኝበት ዘመን ይህ እንደ ውለታ እንጂ እንደ ነውር አይቈጠርም ነበር። ነገር ግን ከጥቂት ሰዓት በፊት የልቡን ጓዳ ሁሉ ከፍቶ ያሳየው ሕመምተኛ፣ ያንኑ ካህን ወረቀት ዘርግቶ አጠገቡ ተቀምጦ ሲያየው የሚናገረው ቃል ከፈቃዱ ይውጣ ከፍርሃቱ ማን ይለየዋል?

ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው፣ በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 872 ይህንኑ አስቦበታል። ተናዛዡ ከመሞቱ በፊት በነበሩት ስድስት ወራት ውስጥ በሙያው ሥጋውን ወይም ነፍሱን ይረዳ ለነበረ ሰው የተወለትን ስጦታ፣ ተቀባዩ ዘመድ ካልሆነ በቀር፣ ዳኛ ሊቀንሰው ወይም ሊሽረው ሥልጣን አለው። ልብ በሉ፤ ሕጉ ሐኪሙንና ካህኑን በአንድ ረድፍ አቆማቸው፤ ፍርዱን ግን ለዳኛው ኅሊና ተወው፤ ለእኛ ለዳኞችም መከራችን ይህ ነበር።

አንዲት ባልቴት ልጆቿን ነቅላ ቤቷን ለነፍስ አባቷ ተናዘዘች፤ ልጆቿም ከሰሱ። ካህኑ በችሎት ቆመው ስለምን ልጆቿን እንደ ነቀለች ሲጠየቁ፣ «ምክንያቱን አውቀዋለሁ፤ በንስሐ የሰማሁት ነውና አልናገርም» አሉ። እውነት እንደ ተናገሩ አልተጠራጠርሁም፤ ሆኖም የሚረታላቸው ማስረጃ ለዘለዓለም አፋቸውን ሊዘጉበት የማሉለት ምስጢር ስለ ነበር፣ ወራሽነታቸውና አባትነታቸው እርስ በርሳቸው አንደበታቸውን አሰሩት። ስጦታውን ቀነስነው፤ እርሳቸውም ይግባኝ ሳይሉ ሄዱ።

ሰዓቱ ስለ ገፋ የቀሩትን፣ የሽምግልናውንና የገንዘቡን ነገር፣ በአጭሩ ልለፍ። ደም ለማድረቅ መስቀል ይዞ በሁለት ወገን መካከል የሚቆም ካህን የገዳዩን ንስሐ የሰማው ባይሆን ይሻላል፤ የሟች ወገን ፊቱን እያነበበ ይውላልና። ስለ ገንዘቡም፣ የሐዋርያት ቀኖና ካህን በዓለማዊ ጉዳይ እንዳይጠላለፍ ቢከለክልም፣ የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ የቤተ ክርስቲያንን መሬት ከወሰደ ወዲህ ካህኑ እንደ ጎረቤቱ አርሶና ነግዶ ካላደረ ልጆቹን አያሳድግም፤ ስለዚህ ማረሱን አልነቅፍም፣ ለንስሐ ልጁ ማበደሩን ግን እነቅፋለሁ። በደብረ ኤልያሱ ተወላጅ በፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን፣ በ1965 ዓ.ም. የወጣው የቤተ ክርስቲያን ደንብ፣ ቃለ ዓዋዲ፣ ምእመናንን በሰበካ ጉባኤ ማስገባቱም ሒሳቡ በካህኑ እጅ ብቻ እንዳይቀር ረድቷል።

ለሀገረ ስብከታችን የማቀርበው ልመና አንድ ነው፤ የነፍስ አባት የንስሐ ልጁን ኑዛዜ እንዳይጽፍ፣ እንዳይመሰክርበት፣ ከእርሱም እንዳይቀበል፣ ሲጠራም ሌላ ጸሐፊ እንዲያስመጣ በደብዳቤ ይታዘዝልን።