መቃብርና እድር በባሕር ዳር
(በደጋፊ ምእመናንና በፕሮጀክት ሠራተኞች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

ባሕር ዳር ስለምንገኘው ባፕቲስት ምእመናን ታሪክና ኑሮ እንድንናገር ጠይቃችሁናል። ስለ ሕንፃ የምንነግራችሁ ብዙ የለንም፤ ስለ ጎረቤትና ስለ መቃብር ግን እንነግራችኋለን።

የወንጌላውያን ማኅበር በጣና ዳር ዘግይቶ የተተከለው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1936 ዓ.ም. ስለ ሚስዮኖች በወጣው ድንጋጌ መሠረት፣ እንደ ጎጃም ሕዝቡ በአብዛኛው ኦርቶዶክስ በሆነበት አገር ሚስዮን ሐኪም ቤት ወይም ትምህርት ቤት ሊከፍት ይችል ነበር፤ የራሱን እምነት መስበክ ግን አይፈቀድለትም ነበር። የአሜሪካ ሳውዘርን ባፕቲስቶች በ1959 ዓ.ም. ገደማ ወደ መንዝ ሲገቡ ሥራቸውን በልማት የጀመሩት በዚሁ ሁኔታ ውስጥ ነው። ከአብዮቱ በኋላ፣ በ1969 ዓ.ም. አብዛኞቹ አገሩን ለቀው ወጡ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ ግን ባፕቲስቶች እህል ይዘው ወደ መንዝ ተመለሱ። የተራበን ሰው የሚያበላ እጅ ሃይማኖቱን አስቀድሞ መጠየቅ እንደሌለበት ከዚያ ታሪክ እንማራለን።

በእኛም ከተማ በደርግ ዘመን አማኞች በር ዘግተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጸልዩ ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ተለወጠ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 የሃይማኖት ነጻነትን ደነገገ። እግዚአብሔር ይመስገን። ሆኖም ሕጉ መቃብር አልቆፈረልንም።

ከመካከላችን አንዲት እናት ባረፉ ጊዜ ይህ ነገር ተገለጠልን። ለብዙ ዓመት የእድር መዋጮ የከፈሉ ሴት ነበሩ። እድሩ ድንኳኑንና ወንበሩን ሰጠን፤ በደብሩ ግቢ መቀበር ግን አልተቻለም። ሽማግሌዎች እስከ ቀትር ተነጋገሩ፣ ሬሳው ቤት ውስጥ ቆየ፣ ልጆቻቸውም በዚያ ላይ አለቀሱ። በመጨረሻ ከከተማ ውጭ ወስደን ቀበርናቸው። በማግስቱ የጎረቤት ሴቶች ንፍሮ ቀቅለው፣ እንጀራ ተሸክመው ለቅሶ ቤት መጡ። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ከቤተሰባቸው ተግሣጽ እንደሚጠብቃቸው እያወቁ ነው የመጡት።

እኛም ያላጠፋን አይደለንም። በሕፃንነቱ በአርባ ወይም በሰማንያ ቀኑ የተጠመቀን ሰው ዳግመኛ በውኃ ስናጠምቅ የጎረቤታችንን ልብ እንደምናቆስል ቶሎ አላስተዋልንም። እምነታችንን አንክድም፤ ግን ጥምቀቱን ገና በማለዳ፣ ታንኳ ቀዛፊዎች እንኳ ወደ ሐይቁ ሳይወርዱ፣ ያለ ድምፅ ማጉያ እናደርጋለን። ሠርጋችንንም ረቡዕና ዓርብ አንደግስም፤ የተጠራው ጎረቤት ጾሙን ጠብቆ እንዲሄድ ማድረግ ምን ዓይነት ግብዣ ነው?

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ክልሉ በጦርነት ውስጥ ሲገባ ተፈናቃዮች በየቤቱ ተጠጉ። የእርዳታ እህልም መጣልን። ያን ጊዜ አንድ የፕሮጀክት ሠራተኛ በቅንነት፣ «የራሳችሁን ምእመናን አስቀድማችሁ መዝግቡ» አለን። ከመካከላችን የተራቡ ስለ ነበሩ ነገሩ ቀላል አልነበረም፤ ስብሰባችንም ሳይስማማ ተበተነ። በሁለተኛው ቀን የእድሩን ዳኛና አንድ የመስጊድ ሽማግሌ ጠርተን ዝርዝሩን አብረን ሠራን። ከእኛ ወገን ስማቸው ያልገባ ሁለት ቤተሰቦች ነበሩ፤ አንዱ እስከ ዛሬ አኩርፎናል።

ስለዚህ የፕሮጀክት ሠራተኞች ሆይ፣ ወደ ሠፈራችን ስትመጡ መዝገቡን ከእኛ አዳራሽ አትጀምሩት፤ ከእድሩ ጀምሩት። እናንተ ደጋፊዎችም ያኮረፈንን ቤተሰብ በጸሎታችሁ አስቡልን። ለመቃብር ቦታ ያቀረብነው ማመልከቻም ገና መልስ አላገኘም፤ ስለ እርሱም ጸልዩልን።