«ጠገበ» እና «ሞላ»፦ ሳቹሬሽን ስለሚለው ቃል



በቃለ መጠይቅ ላይ ተመሥርተው ለግምገማ በሚቀርቡልን የመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ደጋግሞ ይገጥመናል፦ «መረጃው ሳቹሬሽን ላይ ስለደረሰ ቃለ መጠይቁ ቆሟል።» የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ቃሉን ግን ከሥሩ መያዝ ይገባል።

ሥሩ ላቲን ነው። «ሳቱር» በልቶ የጠገበ፣ «ሳቱራሬ» ማጥገብ ማለት ነው። ቃሉ ወደ ቤተ ሙከራ የገባው እንግዲህ ከማዕድ ተነሥቶ ነው። የእኛም ቋንቋ ይህን መንገድ ያውቀዋል፤ በግእዝ «ጸግበ»፣ በአማርኛ «ጠገበ» የሚለው ግስ ከሰው አልፎ ለመሬት ይነገራል። «መሬቱ ውሃ ጠግቧል» የሚል ገበሬ ሳይንሱን በትክክል ተናግሯል። እኛ ምሁራን ግን ስንተረጉም «ሙሌት» ማለት ይቀናናል። ምክንያቱ ይገባኛል፤ «ጥጋብ» የትዕቢት ሽታ አለው፣ «ጥጋበኛ»ም ስድብ ነው። ሆኖም «ሙሌት» ሐሳቡን ያዛባዋል።

መሙላት የዕቃ ነው፤ መጥገብ የተቀባይ ነው። ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ሳይሞላ ጨው ሊጠግብ ይችላል። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 100 ግራም ውሃ 36 ግራም ያህል የገበታ ጨው ያሟሟል፤ ትርፉ ከሥር ይዘቅጣል። ያው ውሃ ስኳር ቢሰጡት 200 ግራም ያህል ይቀበላል። ፖታሲየም ናይትሬት ደግሞ በ20 ዲግሪ 32 ግራም ገደማ የሚሟሟ ሲሆን፣ በ60 ዲግሪ ከ100 ግራም ያልፋል። ስለዚህ «ጠገበ» ሲባል ማን፣ ምን፣ በምን ሁኔታ ተብሎ መጠየቅ አለበት። (ሐኪሞች በጣት ላይ የሚለኩት የኦክስጅን ሳቹሬሽንም የሄሞግሎቢን ነገር ነው፤ ሳንባ በአየር ተሞላ ማለት አይደለም።)

በምርምር ዘዴ ትምህርት ቃሉ የታወቀው ባርኒ ግሌዘርና አንሴልም ስትራውስ እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተሙት መጽሐፍ ነው። በእነርሱ ዘንድ የሚጠግበው የመረጃው ክምር ሳይሆን ተመራማሪው የሚገነባው የፅንሰ ሐሳብ ምድብ ነው፤ አዲስ መረጃ ለምድቡ አዲስ ባሕርይ መጨመር ሲያቆም ምድቡ ጠገበ ይባላል።

በማዕዳችን እንግዳ «ጠገብሁ» ስላለ ብቻ አይታመንም፤ ጉርሻ ይቀርብለታል። የኬሚስትሪውም ፈተና ይኸው ነው፤ አንድ ማንኪያ ጨምሮ ማየት። የጥናት ጸሐፊም የትኛው ምድብ፣ በስንተኛው ተጠያቂ ላይ እንደጠገበ፣ ከዚያ በኋላ ስንት ሰው ጠይቆ አዲስ ነገር እንዳጣ ሊያሳየን ይገባል። ጊዜው ወይም የመጓጓዣው ገንዘብ አልቆበት ከሆነም ያንኑ መጻፍ ነውር የለውም። የበጀትን ማለቅ «ሳቹሬሽን» ብሎ መጥራት ግን አንባቢው ግኝቱን የሚመዝንበትን ሚዛን ይነሣዋል።

ከመጪው ሴሚስተር ጀምሮ የማማክራቸው ተማሪዎች ይህን የሚያሳይ ሠንጠረዥ በአባሪነት እንዲያያይዙ እጠይቃለሁ። አሁን መድረኩ ለጥያቄ ክፍት ነው።