አዳማ በአውሮፕላን ስንት ደቂቃ ይፈጃል?



ባለፈው ሳምንት በምግብ ቤት ገበታ ላይ ሳለን ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ በአውሮፕላን ስንት ደቂቃ ይፈጃል የሚል ክርክር ተነሣ። አንዱ አሥር ደቂቃ አለ፤ ሌላው ሩብ ሰዓት ነው ብሎ በሻይ ተወራረደ። እኛም ዳኛ እንድንሆን ስለ ተጠየቅን እርሳስና ካርታ ይዘን ተቀመጥን።

በካርታው ላይ ቀጥ ያለ መሥመር ቢሰመር በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር የሚበር ጄት ይህን በ6 ደቂቃ ይጨርሰዋል። ነገር ግን ጄት እንዲህ ያለ ፍጥነት የሚያገኘው ከፍ ብሎ ከወጣ በኋላ ነው፤ በዚህ መንገድ ላይ ደግሞ ወጥቶ ሳያበቃ መውረድ ሊጀምር ነው። ከሁሉም በላይ ወደ አዳማ የሚመላለስ የመንገደኛ አውሮፕላን የለም። ስለዚህ ሁለቱም ተወራራጆች ሻይ ከፋዮች እንዲሆኑ ፈርደናል።

እንግዲህ ወደ ምድሩ እንመለስ። የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም ነው፤ አዳማንም ከተማ ያደረጋት ይኸው ሐዲድ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር በ2009 ዓ.ም ተመረቀ፤ ጣቢያው ግን እንደ ቀድሞው በከተማ መካከል ስላልሆነ መንገደኛው ባቡሩን ለመሳፈር አስቀድሞ ሌላ መኪና መሳፈር አለበት።

በ2007 ዓ.ም ለተሽከርካሪ የተከፈተው የፍጥነት መንገድ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። ለስድስት መኪና ሰልፍ ይበቃል፤ በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትርም ይፈቀድበታል። ቢሾፍቱንና ሞጆን በጎን እያሳለፈ ቁልቁል ወርዶ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያገባናል፤ ሙቀቱም ገና ከመኪና ሳንወርድ ይቀበለናል። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። እውነት ነው፤ ግን ከክፍያው በር እስከ ክፍያው በር ነው።

ዘንድሮ አንድ ጓደኛችን አያቱ ማረፋቸው በስልክ ተነገረው። ቀብሩ በዘጠኝ ሰዓት ነበር። ከአዳማ ልክ በስድስት ሰዓት ተነሣ፤ ሰባት ሰዓት ሳይሞላ የፍጥነቱን መንገድ ጨረሰ። ከዚያ በኋላ ቃሊቲ ላይ መኪናው ቆመ፤ ጥቂት ሄደ፤ ደግሞ ቆመ። ልጁ ወርዶ በእግሩ ሮጠ፤ ታክሲ ያዘ፤ ታክሲውም ቆመ። ቤተ ክርስቲያኑ ዘንድ ሲደርስ ሕዝቡ ከቀብር ሲመለስ አገኘው። ያሳደጉት እኒያ አያቱ ነበሩ።

በማግስቱ ፈቃድ ሲጠይቅ «አዳማና አዲስ አበባ ምን ያራርቃቸዋል? የአንድ ሰዓት መንገድ አይደለም ወይ?» ተባለ። መምህሮቻችንን የምንለምነው ይህን ነው፤ የፈቃድ ቀን ሲቈጠር መንገዱ ከመኝታ ቤታችን እስከ ለቅሶው ቤት ደጃፍ ይለካልን።