አንድ ቃል፣ ሁለት ትርጓሜ
(ስለ ቡድን ሥራ በተማሪዎች ማኅበር ጉባኤ ላይ የተሰጠ ንግግር)




«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ምሳሌ ከፊደል ጋር አብረን ተምረነዋል። ነገር ግን ድሩ እንዴት እንደሚያብር፣ ክሩ ከክሩ ጋር በየት በኩል እንደሚያያዝ ያስተማረን የለም። ዛሬ በዚህ መድረክ የቆምነው ስለዚሁ ነገር ጥቂት ለመናገር ነው። ይህንም የምናደርገው ሊቃውንት ነን ብለን አይደለም፤ ስድስት ሆነን አንድ ሥራ ስንሠራ ያጠፋነውን ጥፋት ብንገልጠው ከእኛ በኋላ የሚመጡት ይጠቀሙበታል ብለን ነው።

የተሰጠን ሥራ በሐይቅ ዙሪያ የሚኖሩ ሽማግሌዎችን እየጠየቅን፣ ውሃው በየዘመኑ እስከ የት ይደርስ እንደነበረ በሰንጠረዥና በካርታ ማቅረብ ነበር። ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ሐይቅ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ ነው። ውሃው መውጫ ወንዝ የለውም። ስለዚህ ዝናብ ሲያንስ፣ ወይም ገባሩ ውሃ ለመስኖ ሲጠለፍ፣ ዳርቻው ወዲያው ይሸሻል። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት የእስጢፋኖስ ገዳም ቀድሞ በደሴት ላይ ነበረ፤ ዛሬ ግን ስፍራው ከየብስ ጋር ስለተያያዘ በእግር ይደረስበታል። እንግዲህ ጥያቄው ዓሣ ለሚያጠምደውና በዳርቻው አትክልት ለሚተክለው ሰው የእንጀራ ጥያቄ ነው እንጂ ለማርክ ብቻ የሚጠየቅ አልነበረም።

ሥራውን በአንድ ሰዓት ውስጥ ተካፈልነው። ሁለታችን በምሥራቅ፣ ሁለታችን በምዕራብ ዳርቻ ያሉትን ሽማግሌዎች እንድንጠይቅ፣ አንዳችን ሰንጠረዡን እንዲያዘጋጅ፣ ስድስተኛዋ ጓደኛችን ደግሞ የሐይቅ ተወላጅ ስለሆነች መንገድ እንድትመራንና ከሰው እንድታስተዋውቀን ተስማማን። በዚያን ጊዜ በፍጥነታችን በጣም ተደስተን ነበር። ሥራ መካፈልና ሥራ መተባበር አንድ መስሎን ነበርና።

አገራችን የደቦን ሥራ ታውቃለች። በደቦ ሲታጨድ ሰው ሁሉ በአንድ ማሳ ላይ ነው፤ የአንዱ ማጭድ ሲዘገይ ጎረቤቱ ያያል፣ አንዱ ሰብል ረግጦ ቢያልፍ ወዲያው ይነገረዋል። በወሎ ቅሬም ቢሆን ሰው ሲሞት ማን መርዶ እንደሚያደርስ፣ ማን መቃብር እንደሚቆፍር፣ ማን ውሃና እንጨት እንደሚያቀርብ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ የጎደለም ካለ ዘግይቶ ሳይሆን በዚያው ቀን ይጠየቃል። እኛ ግን እያንዳንዳችን በየክፍላችን ዘግተን ጻፍን። በስልክ የምንላላከውም «ጨረስህ?» «ልጨርስ ነው» የሚል ብቻ ነበር። ምን ጻፍህ? ምን ማለትህ ነው? ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ሪፖርቱን ለማስረከብ አራት ቀን ሲቀረን ጽሑፋችንን ብናጋጥመው አልገጥም አለ። በምሥራቅ በኩል የተጠየቁት ሽማግሌዎች ውሃው ከአንድ ትልቅ ድንጋይ የሸሸው በ1984 ነው አሉ ተብሎ ተጽፏል። በምዕራብ በኩል ደግሞ በ1977 ነው ይላል። ብዙ ተከራከርን። ከመካከላችን አንዱ «መካከለኛውን እንውሰድ» አለ። ሌላው ደግሞ «ሽማግሌዎች ዘመን አያስታውሱም፤ የአንደኛውን ወገን ቃል እንተወው» አለ። ይህንም ሐሳብ ልናጸድቀው ጥቂት ቀርቶን ነበር።

በዚህ ጊዜ የሐይቋ ጓደኛችን፣ እስከዚያ ድረስ ዝም ብላ ስታዳምጥ ቆይታ፣ እንዲህ አለች፦ «ሁለቱም ሽማግሌዎች ያሉት አንድ ቃል ነው፤ ሰባ ሰባት ነው ያሉት። በሰባ ሰባት ድርቅ ማለታቸው ነው።»

ነገሩ ያን ጊዜ ተገለጠልን። ሪፖርቱ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ስለሆነ የምሥራቆቹ ጸሐፊዎች ዘመኑን ወደ አውሮፓ አቈጣጠር መልሰው 1984 ብለው ጽፈዋል። የምዕራቦቹ ደግሞ እንደሰሙት 1977 ብለው ትተውታል። ሰንጠረዡን ያዘጋጀው ሁሉንም የአውሮፓ ዘመን አድርጎ አስገባው። ወሎ የ1966ን እና የ1977ን ድርቅ እንዴት እንደሚያስታውስ ለዚህ ጉባኤ መንገር አያስፈልግም። ያን ዘመን በልጆቻቸው መቃብር የሚቈጥሩ ሰዎች እያሉ፣ እኛ «ዘመን አያስታውሱም» ልንላቸው ነበር። እነሱ አልረሱም፤ እኛ ስድስታችን ነን እርስ በርሳችን ያልተነጋገርነው።

ጓደኛችንን «ታዲያ ለምን ቀደም ብለሽ አልነገርሽንም?» አልናት። ስሕተቱን ካየችው አምስት ቀን ሆኗት ነበር። መልሷን በፈቃዷ እንናገረዋለን፦ «የሰጣችሁኝ ሥራ መንገድ መምራት ነው፤ አስተያየት የጠየቀኝ የለም።» ከስድስታችን ይልቅ አገሩን የምታውቀውን አንዷን፣ በር ከፋች ብቻ አድርገናት ነበር። ይህ ለእኛ ከቍጥሩ ስሕተት ይልቅ የሚያሳፍር ነገር ሆነብን።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፤ ይህ ነገር የደረሰብን በሐይቅ መሆኑ ብዙ አሳሰበን። ከሐይቅ ወደ ሰሜን በዚያው የወልድያ መንገድ ሲጓዙ አምባሰል ውስጥ ውጫሌ ይገኛል። በዚያው አካባቢ፣ ይስማ ንጉሥ በሚባለው ስፍራ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በኢጣልያ መንግሥት መልእክተኛ በአንቶኔሊ መካከል የውጫሌ ውል ተፈረመ። የ17ኛው አንቀጽ አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መጠቀም እንደሚችሉ የሚናገር ነው፤ ኢጣልያንኛው ግን በዚያው በኩል ለመጠቀም እንደ ተስማሙ አድርጎ ይናገራል። በአንዱ ፈቃድ የሆነው በሌላው ግዴታ ሆነ። ሁለቱ ጽሑፎች አንድ እንዳልሆኑ ለኢትዮጵያ የታወቀው ከፊርማው በኋላ ነው። ምኒልክ ውሉን በ1885 ዓ.ም. አፈረሱት፤ ነገሩም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ በደም ተፈረደ፤ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባው ውል የውጫሌው ውል መሰረዙ ተረጋገጠ።

የእኛን ትንሽ ጥፋት ከዚህ ታላቅ ታሪክ ጋር እኩል ለማድረግ አንደፍርም። በዚያ የመንግሥታት ጥቅምና ተንኰል ነበረበት፤ በእኛ የነበረው ስንፍና ብቻ ነው። የሚመሳሰሉበት ነገር ግን አለ። ሰዎች በአንድ ቃል ሥር ስማቸውን ስላኖሩ ብቻ ተስማምተዋል አይባልም። ስምምነት የሚባለው፣ አንዱ የተናገረውን ሌላው በራሱ አነጋገር መልሶ ሲነግረው፣ ተናጋሪውም «አዎን፣ ያልሁት ይህንን ነው» ሲል ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ መምህራችን ሄደን ስሕተታችንን ሳንሸሽግ ነገርን፤ አንድ ሳምንት እንዲጨመርልንም ለመንን። ጊዜው ተፈቀደልን፤ ስለ መዘግየታችንም ማርክ ተቀነሰብን። ስድስታችንም አብረን ወደ ሐይቅ ተመለስን። በዚህ ጊዜ የጻፍነውን ለእያንዳንዱ ሽማግሌ አነበብንለት። አንድ አባት እስከ መጨረሻው ካዳመጡን በኋላ ፈገግ ብለው፦ «አብሽሩ ልጆቼ፤ እኔ ግን በሰባ ሰባት ውሃው ሸሸ አላልሁም። በሰባ ሰባት እንኳ ውሃው እዚች ድንጋይ ላይ ነበረ ነው ያልሁት። የሸሸውማ ከዚያ ወዲህ ነው» አሉን። እንግዲህ አስቡት፤ የዘመን አቈጣጠሩን አስተካክለን ብቻ ብናስረክብ ኖሮ፣ ያማረ ሰንጠረዥ ይዘን ሐሰት እናስተምር ነበር።

ከዚህ የተማርነውን በአጭሩ እንናገር። አንደኛ፣ ሥራ ከመካፈል በፊት የቃላቱን ትርጕም በአንድ ወረቀት ላይ መጻፍ ይገባል፤ ዘመኑ በማን አቈጣጠር ነው? ሰዓቱስ? ዳርቻ ስንል የክረምቱን ነው ወይስ የበጋውን? ሁለተኛ፣ በየምሽቱ አንዱ የጻፈውን ሌላው አንብቦ ትርጕሙን ይናገር፤ የጻፈው ዝም ብሎ ያዳምጥ። ሦስተኛ፣ በስብሰባ ላይ ብዙ የማይናገረው አስቀድሞ ይናገር፤ ዝምታ ሁልጊዜ ስምምነት አይደለምና። አራተኛ፣ ስሕተት ሲገኝ «የማን ነው?» ከማለት በፊት «ለምን ሳናየው ቀረን?» እንበል። አምስተኛ፣ ቃላቸውን የሰጡን ሰዎች ቃላቸው ምን ሆኖ እንደተጻፈ የማወቅ መብት አላቸው።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈጃል የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው፤ እኛም በአንድ ሰዓት የተካፈልነውን ሥራ ለማስተካከል አንድ ሳምንት ፈጅቶብናል። ነገ ከዚህ ወጥተን በየመሥሪያ ቤቱ ስንገባ የሌላውን ሰው ውሃ፣ መሬትና ጤና የሚመለከት ወረቀት በእጃችን ይገባል። ያን ጊዜ ተጨማሪ ሳምንት የሚሰጠን መምህር አይኖርም፤ በስሕተታችን የሚቀጣውም በማርክ የምንቀጣው እኛ ሳንሆን ዳር ቆሞ የሚጠብቀው ሰው ነው።

በመጨረሻም አንድ ነገር እንጨምር። የሪፖርቱ አንድ ግልባጭ፣ በአማርኛ ተጽፎ፣ ለጠየቅናቸው ሽማግሌዎች ተልኳል። ያዘጋጀችውም ያች መንገድ መሪ ብቻ አድርገናት የነበረችው ጓደኛችን ናት። ከመላኩ በፊት ግን አምስታችን አንብበን ትርጕሙን መልሰን ነግረናታል።