ስለ መዝገብ አሻጋሪዎች ሙያ

ሲከናወን የሚያመሰግነው የሌለ፣ ሲበላሽ ግን ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ ሁሉም የሚያማርርበት አንድ ሙያ አለ፤ እርሱም በመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ውስጥ ለብዙ ዘመን የተጠራቀመውን ዳታቤዝ ከአሮጌው ፕሮግራም ወደ አዲሱ፣ አንዲት ስም ሳትጎድል፣ አንዲት አኀዝ ሳትዛባ ማሻገር ነው። ስለ ሙያው በጥቅሉ ከመናገር በምሳሌ መናገር ይሻላልና፣ በትምህርት ቤት፣ በክሊኒክና በመጋዘን ሲያገለግል የኖረውን ማይክሮሶፍት አክሰስ የተባለውን የዳታቤዝ ፕሮግራም ይዘን እንጓዝ።

አክሰስ እ.ኤ.አ. በ1992 ለገበያ ከወጣ ወዲህ መዝገብ የሚያስቀምጥበትን ሥርዓት ደጋግሞ ለውጧል። የአክሰስ 97 ፋይል በአክሰስ 2000 ሌላ መልክ ያዘ፤ በ2007ቱ ደግሞ «ኤምዲቢ» የተባለው ፋይል «ኤሲሲዲቢ» ለተባለው ቦታውን ለቀቀ፤ በዚያም ጊዜ ማን ምን ያያል፣ ማንስ ምን ይነካል የሚለውን በየተጠቃሚው ስም ይወስን የነበረው የጥበቃ ሥርዓት በአዲሱ ፋይል ሳይካተት ቀረ። ከሁሉ የሚከፋው የ2013ቱ ነው፤ የ97ቱን ፋይል ጨርሶ አይከፍትምና፣ ባለቤቱ አስቀድሞ በ2007ቱ ወይም በ2010ሩ አክሰስ ከፍቶ ወደ አዲሱ መልክ ካልለወጠው በቀር ከደጅ ይመልሰዋል። አሮጌውን ኮምፒዩተር ከነፕሮግራሙ በጨረታ ሸጦ፣ አዲሱን በዳንቴል ሸፍኖ ከጠረጴዛ ላይ ያኖረ መሥሪያ ቤት ይህን የሚረዳው መሻገሪያው ከተሸጠ በኋላ ነው።

የሙያው መጀመሪያ ባክአፕ መያዝ ነው ቢባል «ይህንማ እናውቃለን» የማይል የለም፤ እናውቃለን ከሚሉት መካከል ግን የገለበጡት ፋይል በውስጡ ምን እንደ ያዘ ቢጠየቁ ብዙዎቹ መልስ ያጥራቸዋል። በደንብ የተሠራ የአክሰስ መዝገብ በሁለት ፋይል የተከፈለ ነው፤ አንደኛው ፎርሙንና ሪፖርቱን ይዞ በየሠራተኛው ኮምፒዩተር ላይ ይቀመጣል፤ ሁለተኛው ሰንጠረዦቹን ይዞ በሰርቨር ላይ ይኖራል። ጸሐፊዋ በየማለዳው የምትከፍተው የመጀመሪያውን ነውና፣ ባክአፕ ያዢ ስትባል በፍላሽ ላይ የምትገለብጠውም እርሱን ነው፤ በክፉ ቀን ፍላሹ ሲከፈት ፎርሙ እንደ ወትሮው አምሮ ይታያል፤ ስምና ሂሳብ ግን የሉበትም፤ በውስጡ የነበረው የሰንጠረዦቹ አድራሻ ብቻ ነውና። ይህን ለመለየት ትልቅ ትምህርት አያስፈልግም፤ ከሰንጠረዡ ስም ጎን ያለው ምልክት ትንሽ ቀስት ከያዘ፣ መዝገቡ በሌላ ቦታ ነው ማለት ነው።

ሌላም አለ። ዳታቤዙ ተከፍቶ ሳለ ከጎኑ ስሙ በ«ኤልኤሲሲዲቢ»፣ በቀድሞዎቹ ደግሞ በ«ኤልዲቢ» የሚያልቅ አንድ ትንሽ ፋይል ይታያል፤ የመጨረሻው ተጠቃሚ ዘግቶ ሲወጣ ይጠፋል። እርሱ እየታየ የሚገለበጥ መዝገብ፣ የሒሳብ ሹሙ በሦስተኛው ክፍል ቁጥር እያስገባ ሳለ የተገለበጠ ሊሆን ስለሚችል፣ ግማሹ የአሁን፣ ግማሹ የቀድሞ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። «ኮምፓክት ኤንድ ሪፔር» የተባለውም የጥገና ትእዛዝ ፋይሉን እንደ ገና የሚሠራ ነውና ከባክአፕ በኋላ እንጂ በፊት አይሞከርም።

እስከዚህ ያለው ጥንቃቄ ነው፤ ሙያው የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው፤ ምክንያቱም ፕሮግራሙ «ተሳክቷል» ብሎ ሲያበቃ የጠፋ ነገር እንደሌለ የሚመሰክርልን ማንም የለም። የብራና መጻሕፍት ጸሐፍት ድርሳኑን ገልብጠው ሲፈጽሙ፣ ግልባጩን ከዋናው ጋር አስተያይተው የተዘለለውን ቃል በመስመሮቹ መካከል በደቂቅ ፊደል ያስገቡት ነበር፤ መዝገብ አሻጋሪም ሊያደርግ የሚገባው ይህንኑ ነው። በየሰንጠረዡ ያለውን የመዝገብ ብዛት አስቀድሞ በወረቀት ይጽፋል፣ ከተሻገረ በኋላም ያነጻጽራል፤ ገንዘብ ያለበትን አምድ በሁለቱም በኩል ይደምራል፤ የሁሉን ቀዳሚና የሁሉን ደኃሪ መዝገብ ከፍቶ ያነባል። ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ሳለ ነገሩ የጎደለበትም ጊዜ አለና በዚህ አያቆምም፤ በክሊኒክ መዝገብ የበሽተኛው ታሪክ በሰፊው የሚጻፍበት አምድ በመሻገር ላይ ወደ አጭር የጽሑፍ አምድ ቢለወጥ፣ ከ255 ፊደል በላይ ያለው ይቆረጣል፤ የበሽተኞቹ ብዛት አይጎድልም፤ የሚጎድለው በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ የተጻፈው መድኃኒት ነው።

በአማርኛ ለሚጻፍ መዝገብ ደግሞ አደጋው እጥፍ ይሆናል፤ በዚህ ላይ ጥቂት ብንዘገይ አይከፋም። የአክሰስ የቀን አምድ የኢትዮጵያን ዘመን ስለማያውቅ፣ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የያዙ መዝገብ ያዦች እንደ ተራ ጽሑፍ ሲጽፉት ኖረዋል፤ መልካም አድርገዋል። ዳሩ ግን አሻጋሪው በአዲሱ ፕሮግራም ውስጥ አምዱን «ቀን» ብሎ ቢሰይመው ምን ይሆናል? የአሜሪካን አጻጻፍ በሚከተል ኮምፒዩተር ላይ ጥቅምት 30 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ በአኀዝ 30/02/1998፣ ቀን አይደለም ተብሎ ሣጥኑ ባዶ ይቀራል፤ በ13ኛው ወር የተጻፈው ጳጉሜ 3፣ 03/13/1998፣ ማርች 13 ይሆናል፤ ጥቅምት 5ም ሜይ 2 ሆኖ ይገባል። ባዶው ሣጥን ይሻላል እላለሁ፤ ጎደሎነቱን አይደብቅምና። አክሰስም ከሌላ ፋይል ሲያስገባ ያልተቀበላቸውን በአንድ የስሕተት ሰንጠረዥ መዝግቦ ያስቀምጥልናል፤ ማርች የሆነችውን ጳጉሜ ግን በዚያ ሰንጠረዥ አናገኛትም።

ከቀኑ ሌላ የፊደሉም አደጋ አለ። ፊደላችን ዩኒኮድ ወደ ተባለው የኮምፒዩተር የፊደላት ሥርዓት የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በ3.0 እትም ነው፤ ከዚያ በፊት ፎንት ሠሪዎች ሁሉ የግዕዙን ፊደል በላቲኑ ቦታ ላይ እንደየፈቃዳቸው ይደለድሉት ነበር። በእንዲህ ያለው ፎንት የተጻፈ የስም ዝርዝር ፎንቱ በሌለበት አዲስ ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ሆኖ ይታያል፤ ከመዝገቡ አንድም ነገር አልጠፋም፤ የሚጠፋው ጉዳዩን የማያውቅ ወጣት ሠራተኛ ቆሻሻ መስሎት ሲሰርዘው ነው። ስለዚህ ፎንቱም ከመዝገቡ ጋር አብሮ ይቀመጥ፤ ወደ ዩኒኮድ የሚለውጠው ሰው በየትኛው ፎንት እንደ ተጻፈ ሳያውቅ ሊለውጠው አይቻለውምና። በዩኒኮድ የተጻፈውም ቢሆን ወደ ጽሑፍ ፋይል ሲወጣ «ዩቲኤፍ 8» የተባለው ምርጫ ካልተመረጠ፣ ወይዘሮ አልማዝም አቶ ከበደም እኩል የጥያቄ ምልክት ሰልፍ ይሆናሉ፤ ከጥያቄ ምልክት ደግሞ ስም መልሶ የሚያወጣ መሣሪያ የለም።

በዚህ ረገድ የቤተ መጻሕፍት ሰዎች ሊመሰገኑ ይገባል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1985 ለትንንሽ ኮምፒዩተሮች ያዘጋጀውን ሲዲኤስ አይሲስ የተባለ ፕሮግራም የተጠቀሙት ካታሎጋቸውን «አይኤስኦ 2709» በሚባለው፣ ለማንም ፕሮግራም ባልተገዛ መልክ ማውጣት ይችሉ ስለነበረ፣ ፕሮግራሙ ቢያረጅም ካታሎጉ አብሮት አላረጀም።

ጊዜውን ስለ መምረጥ ብዙ አልልም፤ በሰኔ ወር፣ ሂሳብ በሚዘጋበት ሰሞን፣ ይህን ሥራ የሚጀምር አለቃ ምክር የሚሰማ አይመስለኝም። ከመሻገሩ በኋላ ስለሚሆነው ግን አንድ ነገር ይቀራል። አሮጌውን ፎርም የለመደ ሠራተኛ፣ አዲሱ እያለ፣ በዴስክቶፑ ላይ የቀረችውን የጥንቷን ምልክት እየተጫነ በአሮጌው ፋይል ላይ መመዝገቡን ይቀጥላል፤ ማንም ሳያውቅም መሥሪያ ቤቱ ሁለት የማይስማሙ መዝገቦች ይኖሩታል። ስለዚህ አሻጋሪው በዚያው ቀን ምልክቷን ከየኮምፒዩተሩ ያነሣል፤ አሮጌውን ፋይል እንዲነበብ እንጂ እንዳይጻፍበት ይቆልፈዋል፤ ሊከፍተው ከሚችለው ፕሮግራምና ከፎንቱ ጋርም፣ ቢያንስ የዓመቱ ኦዲት እስኪፈጸም ድረስ፣ ካዝና ውስጥ ያኖረዋል።